ሚዜው ለማን ይድረስ?

ሕግ አውቃለሁ። ይህን ስል ትምህርት ቤት ገብቼ ተማርኩት ማለቴ አይደለም። ቢቸና ከተማ ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ጸጉር ቤት አለኝ። ዐቃቤ ሕጉ ጸጉሩን ለማሳጠር ይመጣል፤ ጠበቃው ለመላጨት ይመጣል፤ ተከሳሹም ችሎት ፊት ሰው መስሎ ለመቅረብ ጢሙን ለማስተካከል ይመጣል። ሁሉም ይናገራሉ። ጉሮሮው ላይ ምላጭ የተያዘበት ሰው ደግሞ አይዋሽም። ስለዚህ ይግባኝ ምን እንደሆነ፣ እግድ ምን እንደሆነ፣ ቀጠሮ ለምን እንደሚራዘም እኔን ጠይቁኝ። ሰፈሩም ይህን ስለሚያውቅ ነገር የገጠመው ሁሉ ጠበቃ ቤት ከመሄዱ በፊት እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እስከ ዛሬ ለአንዱም «አላውቅም» ብዬ አላውቅም።

ፍቺ ግን ገጥሞኝ አያውቅም ነበር። የተፋታ ሰው ጸጉር ቤት አይመጣም ማለት አይደለም። ይመጣል፤ ግን የሚመጣው ሁሉን ነገር ጨርሶ፣ ለአዲስ ሕይወት ለመሽሞንሞን ነው። መንገዱን አይነግረኝም።

አንድ ማለዳ አንዳርጌ መጣና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። አንዳርጌ አብሮ አደጌ ነው። ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ እንደሚሸጠው ዕቃም ደረቅ ነው፤ ልቡ ግን ንጹሕ ነው።

«ምን ልሥራህ?» አልኩት።

«ቁረጠኝ።»

«ጸጉር የለህም እኮ! ቅዳሜ ነው የቆረጥኩህ።»

«እንግዲያው ማበጠሪያውን አስነካኝ።»

ማበጠሪያውን በሌለ ጸጉር ላይ ሁለቴ እንዳመላለስኩ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኔን እያየ «የሺን ልፈታ ነው» አለ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ።

የሺ ሚስቱ ናት፤ የሞጣ ልጅ። የእኔ መደንገጥ ግን ስለ ጓደኛዬ ትዳር ብቻ አልነበረም። የሠርጋቸው አንደኛ ሚዜ እኔ ነበርኩ። በእኛ አገር ደግሞ ሚዜ ማለት ሱፍ ለብሶ ፎቶ የሚነሣ ሰው ማለት አይደለም። ለሙሽራው ጓደኛ ነው፤ ለሙሽሪት ግን ወንድም ነው። ባሏ ያስከፋት እንደሆነ ለእናቷ ከመንገሯ በፊት ለሚዜዋ ትነግራለች፤ ሚዜውም ባልዬውን ዞር አድርጎ ይቆጣል። እኔ ይህን ሥራ በትጋት ነው የሠራሁት። ካለፈው ዓመት ወዲህማ በዝቶብኝ ነበር። ሁለቱ ባንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ መነጋገር አቁመው ነገራቸው ሁሉ በእኔ ስልክ ሆነ። «ሽንኩርት አልቋል በለው» ትለኛለች፤ እደውላለሁ። «ጓዳ ውስጥ ከጆንያው በስተኋላ ትይ በላት» ይለኛል፤ እደውላለሁ። አንዳንድ ቀን የደንበኛ ግማሽ ፊት ላጭቼ ግማሹን በሳሙና ትቼ የሁለት ሰዎችን ሽንኩርት ሳፈላልግ እውል ነበር። ከዘመን መለወጫ በኋላ ደግሞ የሺ «ጨርቅ ልነግድ» ብላ ሞጣ እናቷ ቤት ገባች፤ ስልኬም ትንሽ አረፈ። ነገሩ የበረደ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ጨርሶ ቀዝቅዞ ነው።

«እንዴት ነው የሚፈታው?» አለኝ አንዳርጌ።

እንግዲህ ይህ ጥያቄ ነው። ጥያቄ ከተጠየቅሁ ደግሞ እመልሳለሁ። «ይኼማ ምን አላት!» አልኩት ማበጠሪያዬን ከመሬት አንሥቼ። «የተጋባችሁት በሰማንያ ነው። የሰማንያ ውል የተጻፈው በሽማግሌ ፊት አይደል? የሚፈርሰውም በሽማግሌ ፊት ነው። ከየወገናችሁ ሽማግሌ ትጠራላችሁ፣ ዕቃችሁን ትካፈላላችሁ፣ ሽማግሌ ወረቀቱን ይቀድዳል። ከሰዓት በኋላ ሁለታችሁም ላጤ ናችሁ።»

«ፍርድ ቤትስ?»

«ፍርድ ቤት ለማይግባቡ ሰዎች ነው። እኔ እያለሁ ምን ፍርድ ቤት ያስኬድሃል? ነገ ሞጣ ሄጄ እሺ አስብያት እመጣለሁ።»

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገና ከከተማው ሳንወጣ አንዳርጌ ደወለ። ሚኒባስ ውስጥ ስልክ ማውራት አዋጅ እንደ ማስነገር መሆኑን እያወቅሁ፣ በድፍረት «አይዞህ! ዛሬውኑ አፋትቼህ እመለሳለሁ» አልኩት። መኪናው ጸጥ አለ። ሾፌሩ እንኳ የከፈተውን ዘፈን ቀነሰ።

ከፊቴ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቀስ ብለው ዞሩ። «ልጄ፣ ለማፋታት ነው የምትሄደው?»

«አዎ አባቴ።»

«ሥራህ ነው?»

«ኧረ አይደለም፤ እኔስ ጸጉር አስተካካይ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ ጸጉርህን ብታስተካክል!»

ማን ከማን እንደሚፋታ በአጭሩ ከነገርኳቸው በኋላ የእኔ መናገር አላስፈለገም። መኪናው ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያሉት የሺን ደገፉ፣ ከፊት ያሉት አንዳርጌን። አንዱም ሁለቱን አያውቃቸውም። አንደኛው «መሬት ካላቸው በደብተሩ ላይ የሁለቱም ስም አለበት» ሲል፣ ሌላው «መሬት የላቸውም፤ ቆርቆሮ ነጋዴ ነው ሲል አልሰማህም?» ብሎ ተቆጣው። ግንደወይን ላይ የወረደች ሴት ዕቃዋን ተሸክማ ከሄደች በኋላ ተመልሳ በመስኮት አንገቷን አስገብታ «ለማንኛውም ቤቱን ለእሷ ስጧት» አለችኝ። ሞጣ ስንደርስ ነገሩ ገና ውሳኔ አላገኘም ነበር።

የየሺ ሱቅ ከሐጂ ሰይድ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሐጂ ሰይድ የሞጣ የድሮ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሷን ንግድ ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ስደርስ በር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሰላምታ ሰጥቻቸው ገባሁ።

«ሚዜዬ! እንኳን ደህና መጣህ። ምነው ከሳህ?» አለችኝ የሺ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ትዳር እንደ ዛፍ ነው ብሎ ይጀምርና እየዞረ እየዞረ ወደ ፍቺ ይወርዳል። ገና ዛፉ ላይ ሳለሁ አቋረጠችኝ።

«አንዳርጌ ልኮህ ነው? እንፋታ ካለ ተስማምቻለሁ።»

«እ?»

«ተስማምቻለሁ። ግን በሽማግሌ ወረቀት አይሆንም፤ በፍርድ ቤት ነው።»

«ፍርድ ቤትማ የሺ፣ ለማይግባቡ…»

«ሚዜዬ፣ ፍቺ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ይመክራል፣ ያስታርቃል፣ ዕቃ ያካፍላል። ጋብቻ ግን አያፈርስም። ሄጄ ጠይቄአለሁ። እዚህ ሰፈር አንዲት ልጅ በሽማግሌ ወረቀት ተፋታሁ ብላ ስትኖር፣ ሌላ ላግባ ብላ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ብትሄድ ‹አንቺ እኮ ባለትዳር ነሽ› ብለው መለሷት። እኔ እንደዚያ ተንጠልጥዬ መቅረት አልፈልግም። ከተፋታሁ የተፋታሁ፣ ካልሆነም ያልተፋታሁ ልሁን።»

ጉሮሮዬን ጠርጌ «ይኸንኑ ልነግርሽ ነበር እኮ የመጣሁት» አልኩ። በር ላይ ሐጂ ሰይድ ሳል ያዛቸው። ሳሉም ቶሎ አልለቀቃቸውም።

«ደግሞም» አለች የሺ፣ «ለእኔ የምትቆመው አንተ ነህ።»

«እኔ የመጣሁት ከአንዳርጌ ዘንድ ነው።»

«ከማን ዘንድ እንደመጣህ አልጠየቅሁህም። ወንድሜ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«ታዲያ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ። ከሱቁ ወጥቼ ለአንዳርጌ ደወልኩ። «ተስማምታለች» ስለው «ጎበዝ!» አለ። «በፍርድ ቤት ነው» ስለው «ይሁን» አለ። «እኔም የእሷ ወገን ሆኛለሁ» ስለው ግን ጮኸ።

«የማን ወገን?»

«የእሷ።»

«የላክሁህ እኔ! ሞጣ ስትገባ ምን አጠጡህ?»

ፍርድ ቤት ይሁን ቢባልም ያለ ሽማግሌ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ደግሞም በስምምነት የሚፋታ ሰው ዕቃውን እንዴት እንደሚካፈል አስቀድሞ ተስማምቶ፣ ስምምነቱን ይዞ ነው የሚቀርበው። ስለዚህ አንድ ረቡዕ ቀን ቢቸና አንዳርጌ ቤት ተሰበሰብን። በአንዳርጌ በኩል መሪጌታ ጥበቡ ተጠሩ፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ቃል ሲናገሩ እንኳ መዝነው የሚያወጡ አዛውንት ናቸው። በየሺ በኩል ሐጂ ሰይድ ከሞጣ መጡ። ረቡዕ የተመረጠው በብልሃት ነበር። የጾም ቀን ስለሆነ ምግቡ ሽሮና ምስር ነው፤ ሐጂም መሪጌታም ያለ ሐሳብ ባንድ ገበታ ይበላሉ፤ የማን ቢላ አረደው የሚል ጣጣ የለም። ጣጣ የሆነው የእኔ መቀመጫ ነበር። ወደ አንዳርጌ ጎን ስጠጋ የሺ ታየኛለች፤ ወደ የሺ ስጠጋ አንዳርጌ ይስላል። በመጨረሻ ወንበሬን መሐል አድርጌ በሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ንፋሱ ጀርባዬን ሲቀጠቅጠኝ ዋለ።

መሪጌታ ጀመሩ። «ልጄ አንዳርጌ፣ ይህች ልጅ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም፣ አባቴ።»

«አንቺስ ልጄ፣ መታሽ?»

«ኧረ በስመ አብ! እጁንም አላነሣብኝም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ሌላ ሴት…»

«እሱ? ሚስማር ሲመዝን ውሎ ሚስማር ሲመዝን ነው የሚያድረው።»

መሪጌታ ወደ ሐጂ ዞሩ። «ሐጂ፣ ጥፋተኛ የለም እኮ! ማንን ልንገሥጽ ነው የመጣነው?»

እውነትም ተቸገሩ። ሽማግሌ ያለ ጥፋት፣ አናጢ ያለ እንጨት አንድ ነው። ጥፋት ቢገኝ ኖሮ ይቆጣሉ፣ ካሣ ይቆርጣሉ፣ ጉልበት ያስማሉ፣ ነገሩ ያልቃል። እስከ ምሳ ድረስ ጥፋት ሲፈልጉ ቆዩ። እኔም ለመርዳት ብዬ የሽንኩርቱን ነገር ብጠቅስ ባልና ሚስቱ ባንድነት ተቆጡኝ።

ምሳ ከተበላ በኋላ የሺ ራሷ ተናገረች። «አባቶቼ፣ እሱ ክፉ ሰው አይደለም። እኔም ክፉ አይደለሁም። ግን እዚህ ቤት ስገባ እንግዳ ነኝ። እሱም እኔ ስገባ፣ እንግዳ እንደመጣበት ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ሁለታችንም እንግዶች ነን። ባለቤቱ ጠፋ።»

አንዳርጌ መሬት መሬት እያየ ቆየና «እውነቷን ነው» አለ። ዓመት ሙሉ ሳመላልስላቸው ከኖርኩት ቃል ሁሉ እነዚህን ሁለት ቃላት የሚያህል አልነበረም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚታረቁ ይመስለኝ ነበር።

ሐጂ ሰይድ በቀስታ «በእኛ ዘንድ ፍቺ የተፈቀደ ግን የተጠላ ነው ይባላል» አሉ። «መጥላቱን እስካሁን ጠልተነዋል። በሉ አሁን እናካፍላቸው።»

ልጅ የላቸውም፤ ዕቃ ማካፈሉ ብቻውን ግን ከጥፋት ፍለጋው ባሰ። የሚጣሉ ሰዎች ቶሎ ይካፈላሉ፤ አንተ ይህን፣ አንቺ ያን፣ አበቃ። እነዚህ ግን ደግነት ተወዳደሩ። «ፍሪጁን ትውሰድ» ይላል፤ «አይሆንም፣ ብቻውን ነው፣ ምግቡ ይበላሽበታል» ትላለች። «ሶፋውን ትውሰድ» ይላል፤ «ሶፋው ላይ ነው እንቅልፍ የሚወስደው» ትላለች። መሪጌታ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አልቆ «እናንተ ልጆች፣ ልትጋቡ ነው ልትፋቱ?» ብለው ጮኹ። ፍሪጁና ሶፋው ለእሱ፣ ቁም ሣጥኑና የስፌት መኪናው ለእሷ ሆነ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ።

«የቀረ ነገር አለ?» አሉ መሪጌታ ሊነሡ እያሉ።

«አለ» አለ አንዳርጌ። በጣቱ እኔን አሳየ። «እሱ።»

እኔ የሳቅሁ ብቸኛው ሰው ነበርኩ።

«ከእኔ ጋር ያደገው እሱ ነው» አለ አንዳርጌ። «ከትዳር በፊት የነበረኝ ነው። የግሌ ነው።»

«እኔ ያገኘሁት በጋብቻዬ ነው» አለች የሺ። «አገር እያየ፣ ወንድም እሆናታለሁ ብሎ ቃል የገባልኝ በሠርጌ ቀን ነው። በጋብቻ የተገኘ ደግሞ የጋራ ነው።»

ይህን ጊዜ አፌን መዝጋት ነበረብኝ። ግን ሕግ ሲነሣ እኔን ማን ያስችለኛል? «ሕጉ ምን ይላል መሰላችሁ» አልኩ። «የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ማንኛውም ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል።»

«ይኸው! ራሱ መሰከረ!» አለች የሺ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው፤ ራሴን በገዛ ምላሴ ከዕቃ ቆጥሬ አረፍኩት።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆቼ፣ ሙሽራ ከሌለ ሚዜ ከየት ይመጣል? ጋብቻው ሲፈርስ ሚዜነቱም አብሮ ይፈርሳል። የባል ጓደኛ ለባል ይመለሳል፤ ወጉ ይኸው ነው።»

የሺ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። አሁን ዓይኗ ሞላ። «አባቴ፣ እናቴ የወለደችው ሴት ብቻ ነው። ወንድም ብዬ የጠራሁት እሱን ብቻ ነው። ባል ስፈታ ወንድምም ልፈታ ነው?»

«እኔስ?» አለ አንዳርጌ። «ሞጣ እናቷ አለች፣ እኅቶቿ አሉ። እኔ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? እሱ ወደ ሞጣ ሲመላለስ ሰው ምን ይለኛል? ቤቴ ገብቶ የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው ያለኝ።»

እንግዲህ መሳቄን ተውኩ። እኔ ለሁለቱም የምበቃ መስሎኝ ነበር የኖርኩት፤ በዚያ በር ላይ ስቀመጥ ግን ከሁለቱ አንዱን ላጣ እንደሆነ ገባኝና የምር ፈራሁ። ሽማግሌዎቹም ሌላው ሁሉ ተስማምቶ እኔ ሳልወሰን ተበተኑ።

በሳምንቱ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ሄድን። ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚቀመጥ ቁጡ ሰው ነው። የፍቺውን ምክንያት እኔ ማስጻፍ ጀመርኩ። «በሁለቱ ልቦች መካከል የነበረው ነበልባል…» ብዬ ሳልጨርስ «በስምምነት ሲሆን ምክንያት ግዴታ አይደለም» ብሎ አስቆመኝ። መሪጌታና ሐጂ ግማሽ ቀን የለፉበትን ጥያቄ ሕጉ ጭራሽ አይጠይቅም! የሺን ቀና ብዬ ሳያት ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀች። ወዲያው ግን ሁለቱም ባንድ ቃል «ስለ ሚዜው ይግባልን» አሉ።

«ኧረ ተው! አይጻፍም ይኼ!» አልኩ።

«አንተ አመልካች ነህ?» አለኝ ጸሐፊው።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዝም በል» አለና ጻፈው።

ችሎቱ ላይ የተሰየመችው ዳኛ ወጣት ሴት ናት። ጸጉሯን የምትሠራው ሌላ ቦታ ስለሆነ ከእሷ የተማርኩት ሕግ አልነበረም። ማመልከቻውን እያነበበች መጣችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች። መልሳ አነበበችው።

«‹ሚዜያችንን በተመለከተ መስማማት ስላልቻልን ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልን› ይላል። ሚዜው አለ?»

ተነሣሁ።

«ሥራህ?»

«ጸጉር አስተካካይ ነኝ፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ሕግም በመጠኑ…»

«ጸጉር አስተካካይ ይበቃል።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋ ግን አልሳቀችም። ሁለቱንም ለየብቻ ጠርታ አነጋገረቻቸው፤ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ወደውና ፈቅደው እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያም ወዲያው አላፋታቻቸውም። «ተመልሳችሁ አስቡበት» ብላ ቀጠሮ ሰጠች። የሰዎቹ ልብ ይመለስ እንደሆነ ሕጉ ጊዜ ይሰጣል። እኔ ይህን ስሰማ ዘልዬ ልስማት ምንም አልቀረኝ። እነሱ ከታረቁ እኔን ማን ይካፈለኛል?

ስለዚህ ሽማግሌዎች ያቃታቸውን እኔ ልፈጽም ተነሣሁ። ለአንዳርጌ «ናና ተቆረጥ» አልኩት። የሺ ዕቃዋን ልትወስድ ቢቸና በመጣችበት ቀን ደግሞ «ሱቄ ጎራ በይ» አልኳት። ሁለቱም ባንድ ሰዓት ገብተው የወረፋ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወንበሩ ላይ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ነበር። እኔ መቁረጫውን እንደያዝኩ በመስተዋቱ ውስጥ እነሱን ሳይ፣ እነሱም በመስተዋቱ ውስጥ እኔን ሲያዩ፣ ቀጥሎም ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ፣ እጄ የት እንደሄደ አላወቅሁም። ሬጅስትራሩ «ኧረ!» ብሎ ጮኸ። ከጆሮው በላይ መንገድ ተጠርጎለት ነበር። የሺ በሳቅ ፈነዳች። አንዳርጌም ተከተላት። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ተደጋግፈው ሳቁ። እኔ በልቤ «ተሳካ!» አልኩ።

አንዳርጌ ዓይኑን ጠረገና «አየህ» አለኝ። «ደህና እኮ ነን። አብረን እንስቃለን። አብረን መኖር ብቻ ነው ያቃተን።»

የሺም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ሳይጣሉም መለያየት አለ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ላጭቼ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ከፋኝ፤ ሬጅስትራሩን እንኳ ይቅርታ ሳልጠይቅ ጓሮ ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱም «በሐሳባችን ጸንተናል» አሉ። ዳኛዋ አንድ ጊዜ ደግማ ጠየቀች፤ ደገሙላት። ከዚያ ማንበብ ጀመረች። ፍቺው ጸድቋል፤ የንብረት ስምምነታቸውም ጸድቋል። ዕቃው ሁሉ በየተራ ተጠራ። እኔ መጨረሻ ላይ ነበርኩ።

«ሚዜውን በተመለከተ» አለች ዳኛዋ ቀና ብላ፤ «ሰው ንብረት አይደለም፤ የግልም የጋራም አይሆንም፤ አይካፈልም። ይህ ፍርድ ቤት ዛሬ ያፈረሰው በሁለታችሁ መካከል ያለውን ጋብቻ ነው። ከሌላ ሰው ጋር ያላችሁን ለማፍረስ ሥልጣን የለውም። መዝገቡ ተዘግቷል።»

ቆብ ደፍቶ የተቀመጠው ሬጅስትራር የውሳኔውን ግልባጭ ሰጠን፤ ወሳኝ ኩነት ሄደው እንዲያስመዘግቡም ነገራቸው። እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

እንግዲህ ሕጉ በቃኝ አለ። የቀረው ወጉ ነው፤ ወጉ ደግሞ መሪጌታ እንዳሉት ነው። ከግቢው በር ስንወጣ የሞጣ ሚኒባስ ቆሞ ይጠራል። የሺ ሻንጣዋን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች፤ አንዳርጌ ወደ ሱቁ አቅጣጫ ዞረ። እኔ መሐል መንገድ ላይ ቆምኩ። አንድ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ዞሮኝ አለፈ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ዛሬ ጀርባዬን ያያል።

አንዳርጌ ጥቂት እንደሄደ ተመለሰ። አጠገቤ አልቆመም፤ አልፎኝ ሄዶ የየሺን ሻንጣ ከእጇ ተቀብሎ መኪናው ላይ ጫነው። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ትገተራለህ? መኪናው ሊሄድ ነው። እኅትህን አድርሳት እንጂ።»

ሕግ የማውቀው ሰውዬ አንድ ቃል አጣሁ።

«ራት ግን እኔ ዘንድ ነው» አለ ፊቱን እያዞረ። «እንዳትቀር። ብቻዬን አልበላም።»

መኪናው ውስጥ ከየሺ ጎን የተቀመጡ ሴት ዓይኗ ማበጡን አይተው «ምነው ልጄ፣ ኀዘን ነው?» አሏት። «አይደለም እናቴ» አለች። ቀጥለው እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይኼ ደግሞ ምንሽ ነው?» አሉ። የሺ ሳታመነታ «ወንድሜ ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ «አትመሳሰሉም» አሉ። እኔ መስኮቱን ከፍቼ ንፋስ ተቀበልኩ፤ የሞጣን መንገድ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም።

እናቷ ደጅ እንደደረስን ስልኬ ጮኸ። አንዳርጌ ነው። «ደረሳችሁ?» አለኝ። እኔም እንደ ለመድኩት ስልኩን በእጄ ሸፍኜ ወደ የሺ ዞርኩና «ደረሳችሁ ወይ ይላል» አልኳት።

«አምጣው» አለች እጇን ዘርግታ።

ስልኩን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች። «ደርሰናል… አዎ፣ እኔ ነኝ… ደህና ነኝ። አንተስ?… ስማ፣ የፍሪጁን በር በጉልበት አትግፋው፤ ትንሽ ወደ ላይ አንሣና ዝጋው…» በሩን ተደግፋ ማውራቷን ቀጠለች። አንድ ጊዜም ሳቀች። እኔ ስልኬን ልቀበል እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ፤ ማንም አላየኝም። ታች አስፋልቱ ላይ ወደ ቢቸና የሚመለሰው የመጨረሻው መኪና ጥሩንባውን ነፋ። ራት ተጠርቻለሁ፤ ሰውዬው ብቻውን አይበላም። ስልኬን ጆሮዋ ላይ እንዳለ ትቼላት ሮጥኩ።